ያልተጠራው ቁራሽ

በገና ዕለት ውሻ የሚገድለው አጥንት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ አጥንት ስጠብቅ ዋልኩ።

አጥንት ብቻም አይደለም። ጎህ ሲቀድ የመንደሩ ወንዶች ገናን ለመቀበል ጠመንጃ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፤ ጋሮቭ ደግሞ ተኩስ ከሰማ አጥር አይመልሰውም። መታጠቢያ ቤት አስገባሁትና ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ አብሬው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ተኩሱ ሲያባራ ወጥቼ የግቢውን በር በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት፤ በእኛ አገር የገና እንግዳ በር ከፍቶ ይገባል እንጂ መዝጋት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚፈላውን የፕሪም አረቄ ከምድጃው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገፋሁ። ቸኮሌቱን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልኩ። እናቴ ሚሉንካ ላይ ታች ስል አይታ አይታ፣ "ኮሳራ፣ ጳጳስ ነው እንዴ የሚመጣብን?" አለችኝ።

"ጳጳስ ቢሆንማ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አይለምንም" አልኳት።

ጋሮቭ የወንድሜ የኦግኜን ውሻ ነው። ጥቁር ነው፤ አጭር፣ አንድ ጆሮው የወደቀ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ሽማግሌ። ልቡም ደከም ብሏል። ኦግኜን ከሦስት ወር በፊት፣ ፕሪሙ ተለቅሞ እንዳለቀ፣ ለብየዳ ሥራ ውጭ አገር፣ ወደ ሽቱትጋርት ሄደ። እኔ ቻቻክ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ስለሆንኩ የእሱንም ቲኬት የቆረጥኩት እኔው ነኝ። አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ ካነሳ በኋላ ተመልሶ ወረደና በመስኮቴ አንገቱን አስግጎ፣ "ጋሮቭን አደራ" አለኝ። አባቴን አደራ አላለም፣ እናቴን አደራ አላለም። እንግዲህ አደራ በላ ላለመባል ነው ይህ ሁሉ መባከኔ።

አባቴ ራዶሳቭ ከዚያ ቀን ወዲህ የልጁን ስም አልጠራም። አራት መቶ የፕሪም ዛፍ የተከለው ለእሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ አረቄው እንኳ ሳይወጣ ነው ጥሎት የሄደው። እሑድ እሑድ ኦግኜን በስልኬ ሲደውል አባቴ "እንጨቱን ልይ" ብሎ ይወጣል። ክምሩ ሲቃጠል ሲቃጠል ሊያልቅ ነው፤ እሱ ግን አይቶ አልጠገበውም። ውሻውንም በስሙ አይጠራውም። "ይህን የሰው ዕቃ ከእግሬ ሥር አንሺልኝ" ነው የሚለው። የሰው ዕቃው ግን እሱ ካልተቀመጠ አይቀመጥም፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን ስሬቴንና ሚስቱ ዞርካ መጡ። ሽቦውን ፈትቼ አስገባኋቸውና መልሼ አሰርኩት። ገና በገባ ቁጥር የመጀመሪያው እንግዳ ሆኖ ቤታችንን በምርቃት የሚከፍተው ስሬቴን ነው። ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ገባ፣ እናቴ ስንዴ በተነችበት፣ እሱም በኦክ ቅርንጫፍ የምድጃውን ፍም መታ መታ አደረገው። ፍንጣሪው ሲረጭ፣ "ይህን ያህል ጤና! ይህን ያህል በግ! ይህን ያህል ባል ለኮሳራ!" ብሎ ጮኸ።

"አንድ ይበቃኛል አጎቴ ስሬቴን። ለውሻ አጥንት የማይሰጥ ይሁን እንጂ።"

"ይኸው ገና ሳልቀመጥ ተከሰስኩ!"

ማዕድ ሲቀርብ ቆምኩና ለሁሉም ተናገርኩ። ለጋሮቭ አጥንት አይሰጠውም፣ ቅባት አይሰጠውም፣ አረቄ የነካው ነገር አይሰጠውም፣ በአጭሩ ምንም አይሰጠውም። ሁሉም እሺ አሉ፤ ዞርካማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ማለች። አባቴ ወንበሩን ወደ ማዕዱ ሳበ። ጋሮቭ ጠረጴዛ ሥር፣ ለበዓሉ ወለሉ ላይ በተነሰነሰው ጭድ መሃል ጋደም ብሎ ዓይኑን ያንከራትታል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የገናው ዳቦ መጣ። በቢላ አይቆረጥም፤ ሁላችንም በእጃችን ይዘን ሦስት ጊዜ እናዞረዋለን፣ ከዚያ የቤቱ አባት ይቆርሰዋል። ውስጡ ሳንቲም አለ። ሳንቲሙ በቁራሹ የወጣለት ሰው የዓመቱ ዕድል የእሱ ነው። በእኛ ቤት ሁልጊዜ የሚገባው የቅድመ አያቴ የብር ዲናር ነው፤ በዕድሜ ብዛት የንጉሡ ፊት ጠፍቶ አፍንጫው ብቻ ቀርቷል።

አባቴ ቆረሰ። "ይህ ለቤቱ። ይህ ለመንገደኛ። ይህ ለእኔ። ይህ ለሚሉንካ። ይህ ለኮሳራ። ይህ ለስሬቴን። ይህ ለዞርካ።" እጁ ላይ አንድ ቁራሽ ተረፈ። እናቴ ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን የማንንም ስም ሳይጠራ ቁራሹን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠና ብርጭቆውን አነሳ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ስሬቴን ቶሎ ብሎ "ለጤናችን!" ባይል ኖሮ እዚያው ማልቀሷ አይቀርም ነበር።

በላን። ሁሉም ሰው ሳንቲሙን እየፈራ በጥንቃቄ ያላምጣል። ዞርካ ቁራሿን ጨረሰች፣ ምንም የለም። እኔም የለኝም። አባቴም የለውም። እናቴ የራሷን ፈትፍታ ፈትፍታ ዱቄት አደረገችው፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። የቤቱንና የመንገደኛውን ቁራሽ ከፈትን፤ ባዶ።

"ስሬቴን ውጦታል" አለች ዞርካ። "ይህ ሰው ሲበላ መች ያላምጣል።"

"ከዋጥኩት ነገ ጠዋት እናገኘዋለን፣ ምን ያስቸኩላል!"

ተሳሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ከአባቴ ሳህን አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ መሆኑን አየሁ። ያ ስም ያልተጠራለት ቁራሽ የለም። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛ ሥር ተመለከትኩ። ጋሮቭ ጢሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪና አንዲት የጭድ ሰበዝ ለጥፎ ይልሳል።

ቀና አልኩ። "ለውሻው ዳቦ የሰጠው ማነው?"

የገና ዳቦ ለውሻ መጣል ነውር ነው፤ ማንም ደፍሮ እኔ ነኝ አይልም። "አባዬ፣ እዚህ ጋ የነበረው ቁራሽ የት ሄደ?"

"እኔ ምን አውቄ" አለ አባቴ። "ጭዱ ላይ ወድቆ ይሆናል።"

ተንበርክኬ ጭዱን በእጄ በረበርኩ። አንድም ነገር የለም። ስልኬን አንስቼ ከተማ ያለው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደወልኩ፤ ዶክተር ድራጎይሎ ይባላል፣ የጋሮቭን ልብ የሚያውቀው እሱ ነው።

"ክርስቶስ ተወለደ!" አለኝ። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"እውነትም ተወለደ፣ ዶክተር። ውሻዬ ሳንቲም ሳይውጥ አይቀርም።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ምን ሳንቲም?"

እናቴን ዞሬ አየኋት። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "የብር ዲናር" አለች እናቴ፣ በቀጭኑ።

"ብር ከሆነ አይመርዘውም። ትንሽ ነገር ነው፤ ድንች ቀቅለሽ አብይውና ሁለት ሦስት ቀን ኋላውን ጠብቂ። አንዳንዱ አዲስ ሳንቲም ነው መጥፎው። ውስጡ ዚንክ ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲሟሟ የውሻን ደም ይጨርሰዋል። ያ ቢሆን ኖሮ ሩጪ እልሽ ነበር። ደህና ዋይ።"

ሁሉም ተነፈሰ። ስሬቴን "ባለ ብር ውሻ!" ብሎ አረቄ ቀዳ። እኔ ግን ዓይኔን ከእናቴ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። የታጠበ ሳህን ደግማ አጠበች። ጨው ልታመጣ ወጥታ ስኳር ይዛ መጣች። በመስኮት ግቢውን አየች፣ ተመለሰች፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረች፣ እንደገና በመስኮት አየች። ጋሮቭን ደግሞ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፤ እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም። ተከትያት ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

"እማዬ፣ ምንድነው?"

"ምን ምንድነው?"

"ሳንቲሙ!"

ሕፃን ይመስል አንድ ባዶ ማሰሮ ታቅፋ ቆማለች። "ብሩ የለም" አለች። "የለም ቤት ውስጥ። ኦግኜን ሲሄድ ጃኬቱ ገበር ውስጥ ሰፋሁለት። ለራሱም አልነገርኩትም። ለአባትሽማ እንዴት ብዬ? ያስወጣኝ ነበር።"

"ታዲያ ዳቦው ውስጥ ያለው ምንድነው?"

"የአክስትሽ ልጅ ሐምሌ ላይ ከቺካጎ ሲመጣ ለማስታወሻ የሰጠኝ የአሜሪካ ሳንቲም። የምታብረቀርቀዋ።"

"እሺ ሰው ሲያገኛትስ ምን ልትይ ነበር?"

"እኔው ላገኛት ነበራ! በኔ በኩል ዳቦውን በሹካ ወግቼ ምልክት አድርጌበት ነበር። አባትሽ ሲያዞረው፣ እናንተም ስታዞሩት ጠፋብኝ።" ማሰሮውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ዶክተሩ ያለው እሷን ነው እንዴ ኮሳራ? ደም የምትጨርሰው?"

ምን ብዬ እንደጮኽኩባት አላስታውስም፤ በበዓል ቀን እናት ላይ የማይጮኸውን ጮኽኩ። እዚያው ጓዳ ሆኜ ደግሜ ደወልኩና የአሜሪካ ሳንቲም መሆኗን ነገርኩት። ዶክተሩ በዚህኛው ጊዜ አልቀለደም።

"መቼ ነው የበላው?"

"ስድስት ሰዓት ከሩብ አካባቢ።"

"አሁን ሰባት ሆኗል። ከበላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ከደረሽ አስመልሰዋለሁ። ካለፈ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ከዚያ ሆዱን መክፈት ነው፣ ለዚያ ልብ ደግሞ ማደንዘዣ አልሰጥም። ስሚኝ ኮሳራ። የማስመለሻው መርፌም ልቡን ይፈትነዋል፤ በግምት አልወጋውም። ሳንቲሙ የነበረበትን ዳቦ መብላቱን ያየ ሰው ይኑር። አጥንት ከበላ ደግሞ ጨርሶ አልወጋም፣ ሲወጣ ጉሮሮውን ይቀደዋል። የሰጠው ሰው የሰጠውን ይንገርሽና ነይ።"

ወደ ማዕዱ ተመለስኩ። "የማንንም ስም አላጠፋም፣ አልቆጣም" አልኩ፤ እየተቆጣሁ። "ለውሻው ምን እንደሰጣችሁት አሁኑኑ ንገሩኝ።"

ዞርካ ቀድማ ተሸነፈች። "አይብ" አለች። "ትንሽዬ። ሁለቴ። እንዲያ ሲያየኝ አንጀቴን በላው።"

"አጎቴ ስሬቴን?"

"የአሳማ ቆዳ" አለ ስሬቴን ጺሙን እያሻሸ። "ሦስት ቁራጭ።"

"አጥንትስ?"

"አጥንት... አሳየሁት እንጂ አልሰጠሁትም። አንቺ መጣሽብኝና ቀረ።" እጁን ኪሱ ከትቶ በወረቀት የተጠቀለለ የጎን አጥንት አወጣ። ለገና በተተኮሰ አዲስ ጃኬት ኪስ ውስጥ! ሚስቱ ጀርባውን በጥፊ አለችው፤ እኔ ግን ላቅፈው ነበር የቃጣኝ።

"አባዬ።"

አባቴ ዳቦውን ይቆርስ የነበረበትን ቦታ እያየ ተቀምጧል። "ብር ነው ተብሏል አይደል" አለ። "ይወጣል ተብሏል። ምን ያንጫጫችኋል? ውሻ ነው።"

"አባዬ፣ ሰጥተኸዋል ወይስ አልሰጠኸውም?"

"እኔ ለሰው ዕቃ ዳቦ አልሰጥም።"

ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ሰዓት ከአሥር። በረዶው ላይ እስከ ከተማ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ጋሮቭ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ አባቴ ጉልበት ላይ አገጩን አስደገፈ። ይህ ሁሉ ጉድ የሚወራው ስለ እሱ እንደሆነ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጅራቱን ይወዘውዛል። አባቴም የሚገፋው መስሎ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈ። ልጩህ፣ ላልቅስ፣ ወይስ ውሻውን ይዤ ዝም ብዬ ልሩጥ እያልኩ ስወዛገብ እናቴ ከበስተኋላዬ ገባች።

"ብር አይደለም፣ ራዶሳቭ" አለች።

"ምንድነው ታዲያ?"

"ሌላ ሳንቲም ነው። መርዘኛው። ብሩ ልጅህ ጃኬት ውስጥ ነው፤ እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ዕድል ከሄደ አብሮት ይሂድ ብዬ። በለኝ እንግዲህ የምትለኝን፣ ግን መጀመሪያ ለዚህ ፍጥረት ድረስለት።"

ዞርካ አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና እናቴን አያት። የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጋሮቭ ወረደ፣ ትከሻውም አብሮ ወረደ።

"ሰጥቼዋለሁ" አለ። "እንዳለ ነው የሰጠሁት። አላኘከውም፣ ዋጠው።" የጋሮቭን አንገት ዳሰሰ። "የኦግኜንን ቁራሽ። ሌላ ማን ይበላዋል? ከእሱ ቤት ውስጥ የቀረው ይኸው ነው።"

በሦስት ወር ውስጥ ስሙን ሲጠራ ያን ጊዜ ገና ሰማሁት። እናቴ ማሰሮውን እንደታቀፈች ወንበር ላይ ተዘረፈጠች። እኔ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም፤ የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ኮት ኪስ እያገላበጥኩ ነበር።

አረቄ ያልቀመስኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነዳሁ። የግቢውን በር በሽቦ ማሰሬን ረስቼ ነበር፤ ስሬቴን ሽቦውን ሲፈታ እጁን ተላጠ፣ ሲረግመኝም ሲመርቀኝም ሰማሁት። አባቴ ከኋላ ወንበር ጋሮቭን በበዓል ኮቱ ጠቅልሎ አቅፏል። መንገዱ ያንሸራትታል። ከፊታችን አንድ ትራክተር ሙሉ የገና መዘምራን ጭኖ ይሳባል፤ ጥሩምባ ብነፋ ለበዓሉ መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

"እለፊው" ይላል አባቴ።

"መንገዱ ጠባብ ነው።"

"እለፊው ብያለሁ! ቀስ በይ! ምን ያደርጋል ይህ ሰው?" በመስታወቱ ሳየው ጣቱን የጋሮቭ ደረት ላይ አድርጎ ልቡን ይቆጥራል። እሱ የራሱን የደም ግፊት እንኳ ተለክቶ አያውቅም።

ዶክተር ድራጎይሎ የአንገት ናፕኪኑን ሳያወልቅ በር ላይ ጠበቀን። ሰባት ሰዓት ከአርባ ነበር። አባቴ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ አጥንት አልበላም፣ አይብና ቆዳ በልቷል፣ ዳቦውን እንዳለ ውጧል" አለ፤ ወታደር ሪፖርት ሲያደርግ እንዲህ ነው። ዶክተሩ የጋሮቭን ልብ አዳመጠ፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ ወጋው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አባቴ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የላም ክትባት ማስታወቂያ አራት ጊዜ አነበብኩ። ጋሮቭ ምራቁን ያዝረበርብ ጀመር፣ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፣ አስመለሰ። አይብ። ቆዳ። ዶክተሩ በጓንት እጁ በረበረውና ራሱን ነቀነቀ። ጋሮቭ ተኛ፤ ዓይኑ ነጭ ሆነ። ዶክተሩ የልብ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያይ ጀመር። ለኦግኜን ምን ብዬ ነው የምነግረው? አደራህን በገና ዳቦ ገደልነው ልበለው?

አባቴ በዚያ በበዓል ሱሪው ወለሉ ላይ ተንበረከከ። የወደቀውን ጆሮ አነሳና አፉን አስጠጋ። "ጋሮቭ" አለው። "ና እንጂ። ና ልጄ። አሳፍረኸኝ እንዳትሄድ።"

ጋሮቭ ቀና አለ። ሆዱ አንዴ፣ ሁለቴ ተኮማተረ። ወፍራም የዳቦ ሊጥ ወጣ፣ ከሊጡም መሃል አንድ ነገር ቆርቆሮው ሳህን ላይ ቀጭል አለ።

ዶክተሩ አጥቦ ብርሃን ላይ አየው። "ራሷ ናት። ጠርዟ ሻከር ብሏል፣ ገና መጀመሯ ነው። ነገ ደሙን አየዋለሁ፤ ግን ያመለጠ ይመስለኛል።" ከዚያ ፈገግ አለና፣ "እንግዲህ ሳንቲሙ የወጣለት ለእሱ ነው። ዓመቱ የጋሮቭ ነው" አለ።

"የእሱ አይደለም" አለ አባቴ። እጁን ዘረጋና ሳንቲሟን ተቀበለ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ኦግኜን ነው፤ ለበዓሉ ነው የሚደውለው። አባቴ እንጨት አያለሁ ብሎ የሚወጣበት ግቢ እዚህ ስለሌለ እኔው ልወጣ ወደ በሩ ተራመድኩ። ከወለሉ ሳይነሳ እጁን ዘረጋልኝ። ስልኩን ሰጠሁት። መጀመሪያ ገልብጦ ያዘው፤ አስተካከልኩለት።

"ክርስቶስ ተወለደ" አለ አባቴ።

ኦግኜን ወደ እስክሪኑ ቀረበ። ብሩ የተሰፋበትን ጃኬት ነበር የለበሰው፤ እስክሪኑ ውስጥ ትከሻው ይታያል።

"እውነትም ተወለደ፣ አባዬ።" ከዚያ ነጩን ግድግዳና የዶክተሩን ጓንት አየ መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። "የት ናችሁ? ጋሮቭ ምን ሆነ?"

አባቴ ጋሮቭን ጭኑ ላይ ሳብ አድርጎ ስልኩን አስጠጋለት። ጋሮቭ የጌታውን ድምፅ ፍለጋ እስክሪኑን አሸተተ።

"ደህና ነው" አለ አባቴ። "ድርሻህን በልቶብህ ነበር። አስተፍቼልሃለሁ፤ መጥተህ ውሰድ።"